ግንዱ ሳይደርቅ ፍለጡት፦ የማገዶ እንጨት መቼ ይቆረጥ፣ መቼ ይፈለጥ

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። ጎጃም ውስጥ የማየው ግን ሌላ ነው። ግንዱ ይወድቅና ምሳር እንደናፈቀው ዓመት ይከርማል። ቀጥ ያለው ባሕር ዛፍ ለቋሚ፣ ለወራጅ፣ ለማገር ተመርጦ ይሄዳል። የአጣና ነጋዴው የማይፈልገው ጠማማና ወፍራም ግንድ አጥር ስር ይጋደማል። "ይድረቅና ይፈለጣል" ይባላል። ክረምቱ ግም ሲል ሄዳችሁ ስታዩት ላዩ ግራጫ ሆኗል፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ምሳር ሲያርፍበት ደግሞ አንጥሮ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው እርጥቡን ምጣድ ስር እየማገዱ ሐምሌና ነሐሴን በጭስ ማልቀስ ነው።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ባሕር ዛፍ ለማገዶ የሚፈለጠው በተቆረጠ በዚያው ሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ገና እርጥብ እያለ ነው። መድረቅ ያለበት ፍልጡ ነው። የሚቆረጥበት ወር ደግሞ ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል። አሠራሩን ከምክንያቱ ጋር ልዘርዝር።

ለምን እርጥቡን?

አሁን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ሲወጣ ወደ ጎን ሳይሆን በርዝመቱ መሄድ ይቀለዋል። እንጨቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ከሥር ወደ ጫፍ የተዘረጉ ናቸውና። በርዝመቱ በኩል የሚወጣው ውሃ በጎን ከሚወጣው ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይፈጥናል። እንግዲህ ሁለት ሜትር ግንድ ቅርፊቱን እንደለበሰ ስታጋድሙት ውሃው የሚወጣበት ሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው። መሐሉ ዓመት ቢቀመጥ አይደርቅም። አጥራችሁ ስትቆርጡትና ስትፈልጡት ግን ጫፉም ይበዛል፣ ጎኑም ለነፋስ ይገለጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ጉልበት ነው። የባሕር ዛፍ ጭረት፣ ማለትም የእንጨቱ ክር የሚሄድበት መስመር፣ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይጠማዘዛል፣ አንዱ ከሌላው ይጠላለፋል። እርጥብ እያለ ለስለስ ስለሚል ስለት ያሳልፋል። ሲደርቅ ግን ጥርሱን ይነክሳል። ጥድ የፈለጠ ሰው በዚያው ግምት ደረቅ ባሕር ዛፍ ላይ ቢነሳ ከሰዓት በኋላ ትከሻው አይገኝም።

በዚያ ላይ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ራሱን መሰንጠቅ ይጀምራል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለ። መጋዙ ሲያልፍ ውጥረቱ ይለቀቅና የተቆረጠው ፊት ላይ ከእምብርቱ ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ይወጣል። አንዳንዴ በዚያው ሰዓት ጠጠ ሲል ትሰሙታላችሁ። ያ ስንጥቅ በነጻ የተሰጣችሁ መንገድ ነው። ምሳሩንም ሽብልቁንም እዚያ ላይ ነው የምታሳርፉት።

ስለ ጭሱ ደግሞ ይህን አስቡ። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚፈጀውን እሳት ታውቁታላችሁ። የፈላው ውሃ ተንኖ ድስቱ እስኪደርቅ የሚፈጀው ሙቀት ደግሞ ከዚያ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። እርጥብ እንጨት ስትማግዱ እሳቱ በመጀመሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ውስጡ ያለውን ውሃ ማትነን። እንጀራው የሚደርሰው የተረፈው ነው። እሳቱ ስለሚቀዘቅዝም በደንብ ያልነደደው ጭስ ሆኖ ቤቱን ይሞላል። ጭሱን የሚጠጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈለጠው ሰው አይደለም። ፈላጩ ውጭ ነው፤ ምጣድ ስር ያለችው እናት ወይም እህት ናት።

ወሩን መምረጥ

ዝናባችን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጥቅምት ወዲህ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይደርቃል፤ እስከ መጋቢት ድረስ እምብዛም የሚያሳስብ ዝናብ የለም። ጥቅምት ላይ የተፈለጠ እንጨት ይህን ሁሉ በጋ ያገኛል ማለት ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ከመስቀል በኋላ አረሙ ጋብ ይላል፣ ጤፉም ገና ለአጨዳ አልደረሰም። እጅ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ኅዳር ከገባ ግን አጨዳው፣ ክምሩ፣ ውቂያው ይከተላል። ጉልበት ያለው ሰው ሁሉ ማሳና አውድማ ላይ ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ዛፍ የጣለ ሰው ግንዱን እስከ ጥር አይነካውም፤ በዚህም ምክንያት ኅዳርን አልመክርም። አየሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ጥቅምት ካመለጣችሁ ጥር አለ። ውቂያው አልቋል፣ ከጥምቀት ወዲያ ደግሞ ሰርግ ይበዛል እንጂ የእርሻ ሥራ የለም። ከጥር እስከ ግንቦት አራት ወር ስለሚኖር መካከለኛ ውፍረት ያለው ፍልጥ በሚገባ ይደርቅበታል። የካቲትና መጋቢት ፀሐዩ ይበረታል፤ ቀጠን አድርጋችሁ ከፈለጣችሁ ለክረምት ይደርሳል። ሚያዝያ ላይ ከቆረጣችሁ ለክረምት የሚደርሰው ከእጅ አንጓ የማይወፍረው ፍልጥ ብቻ ነው። ወፍራሙ ለመጪው ዓመት ነው ብላችሁ ቁረጡ።

በክረምት አትቁረጡ። ጭቃው ውስጥ ምሳር ይዞ መቆምም አደጋ ነው፣ እንጨቱም ሻጋታ ይይዘዋል። ነፋስ ከጣለው ግን ምርጫ የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ተጋድሞ ከሚከርም በዚያው ሳምንት ፍለጡትና ጣሪያ ስር አስገቡት። ቶሎ ባይደርቅም ቢያንስ አይበሰብስም።

ጥር ላይ ልጅ የምትድሩ ከሆነ ሒሳቡን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጠላው፣ አረቄው፣ የድግሱ እንጀራና ወጥ ብዙ እንጨት ይበላል። አረቄ ማውጣት ብቻውን ስንት ቀን እሳት እንደሚፈልግ ያወጣች ታውቀዋለች። ደረቅ እንጨት ለጥር የሚገኘው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ከተፈለጠ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ዛፍ መጣል "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" ነው።

ኢንተርኔት ላይ የፈረንጆቹን ቪዲዮ ያየ ሰው "በብርድ ወራት ሲፈለጥ ይቀላል" ሲል እሰማለሁ። እነሱ ጋ ብርዱ ግንዱ ውስጥ ያለውን ውሃ እስከ መሐሉ በረዶ ያደርገዋል፤ እንዲያ ያለ እንጨት ሲመቱት ይሰነጠቃል። ጮቄ ተራራ ላይ ሌሊት ውርጭ ቢጥልም ይህን አያደርግም። ለእኛ የሚሠራው ወሬ የዝናብና የፀሐይ ነው።

ቀኑንም አስቡበት። ይህ በየትኛውም ቪዲዮ ላይ የለም። በገጠሩ ቅዳሜና እሑድ ምሳር አይነሳም። 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም አሉ። የአጥቢያው ታቦት በዓል ይጨመራል። ዓርብ የተጣለ ግንድ እስከ ሰኞ ይቀመጣል፣ ሰኞ በዓል ከዋለ እስከ ማክሰኞ። ስለዚህ በሳምንቱ መጀመሪያ ቁረጡ፤ ከመቁረጣችሁ በፊትም ቀን መቁጠሪያውን አንዴ አገላብጡ።

መቁረጥና ማጠር

ከሁሉ በፊት የራሳችሁ ባሕር ዛፍ መሆኑን አረጋግጡ። ሳቅ አይደለም፤ በድንበር ላይ የቆመ ዛፍ ስንት ጎረቤት አጣልቷል። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ጥድ ከሆነ ደግሞ ቀበሌ ግብርና ሳትጠይቁ አትንኩት። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ የወደቀ ዛፍም የደብሩ ነው።

ዛፉን ስትቆርጡ ጉቶውን ዝቅ አድርጉ፤ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ፊቱን በትንሹ ዘንበል አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ዝናብ እንዳይተኛበት። የጉቶው ቅርፊት እንዳይላጥ ተጠንቀቁ፤ የሚቀጥለው ዛፍ የሚበቅለው ከዚያ ነው። ሲያቆጠቁጥ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ቡቃያ ትታችሁ ሌላውን ታነሳላችሁ።

ግንዱ እንደወደቀ ቅርንጫፉን መልምሉ። ቅጠሉና ጭራሮው ለብቻው ይከመር፤ ለማቀጣጠያ ከእሱ የሚሻል የለም፣ ለመድረቅም ብዙ አይፈጅበትም። ከዚያ ግንዱን በመጋዝ አሳጥሩ። ለምጣድ የሚሆነው ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጉልቻና ለአነስተኛ ምድጃ ግን 30 በቂ ነው። "ምርጥ" የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ የምትጠቀሙ ከሆነ የአፉን ስፋትና ጥልቀት በእንጨት ለክታችሁ በዚያ ልክ ቁረጡ። ከአፉ ውጭ የተረፈ እንጨት ሙቀቱን ደጅ ነው የሚያፈሰው።

አጭር ጉማጅ ለመፍለጥም ይቀላል። ግንዱ አንጓ የበዛበት ከሆነ አንጓው መሐል ላይ እንዳይውል አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጫፍ ላይ ይዋል። ይህች ትንሽ ማስተዋል በኋላ ብዙ ላብ ታድናለች።

ቅርፊቱን በዚያው ቀን ላጡት። ትኩሱ በእጅ ሲጎትቱት ከላይ እስከ ታች ረጅም ሆኖ ይመጣል። ሲሰነብት ይጣበቅና በምሳር መፋቅ ይጠይቃል። የተላጠው ቅርፊት ፀሐይ ላይ ይሰጣና ማቀጣጠያ ይሆናል። ቅርፊቱ የተነሳለት ጉማጅ ባይፈለጥ እንኳ ከነቅርፊቱ ካለው ይሻላል። ቅርፊት እርጥበትን ያምቃል፣ ነቀዝም ስሩ ይራባል።

መፍለጥ

ምሳር ሁሉ አንድ አይደለም። ዛፍ ለመጣል የሚመቸው ቀጭንና ስለታም ነው፤ ፍለጣ ላይ ግን ሰምጦ ይቀራል። ለፍለጣ ከስለቱ ወደ ኋላ ቶሎ የሚወፍር፣ ከበድ ያለ ምሳር ያስፈልጋል። ብረት ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ጥሩ ነው። ሁለት የብረት ሽብልቅም አሠሩ። ከደረቅ ወይራ የተጠረበ የእንጨት ሽብልቅም ይሠራል፤ እንዲያውም ለምሳሩ ስለት ይራራል።

እጀታው የወይራ ቢሆን ይመረጣል። በበጋ እጀታ ይደርቅና ምሳሩ ይላላል። ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ለዚያ ቀን ያጠብቀዋል፤ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ የባሰ ይላላል። ይልቅ ከአናቱ በኩል ደረቅ ሽብልቅ ምቱበት። ከመጀመራችሁ በፊት ምሳሩን ገልብጣችሁ ነቅንቁት። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ሥራ የለም።

ጉማጁን ባዶ መሬት ላይ አታቁሙት። ስለቱ አፈርና ጠጠር ይነካል፣ ምቱም መሬት ውስጥ ይጠፋል። ከጉልበት በታች የሆነ ወፍራምና ሰፊ ጉማጅ መደብ አድርጉና እላዩ ላይ አቁሙት። እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ፤ ምሳሩ ቢስት በእግሮቻችሁ መካከል ማለፍ አለበት። ኮንጎ ጫማ ምሳር አያቆምም፣ ባዶ እግርማ አይወራም። ቆዳ ጫማ ወይም ቦቲ ያለው ያድርግ። ልጆችና ዶሮዎች ከአካባቢው ይራቁ። ስንጥሩ ርቆ ይበራል።

አሁን የጉማጁን ፊት እዩ። ስንጥቁን ፈልጉ። ጉማጁ ከጭን የማይወፍር ከሆነ ስንጥቁ ላይ አንዴ በደንብ አሳርፉበት፤ እርጥብ ከሆነ ለሁለት ይሄዳል። ስለቱ ሲገባ ውሃው ከዳሩ ላብ ይመስል ይወጣል፣ ሽታውም አፍንጫ ይከፍታል። ያኔ በትክክለኛው ጊዜ ላይ እንደሆናችሁ እወቁ። ውሃ ካላያችሁና ምሳሩ ነጥሮ ከተመለሰ ዘግይታችኋል።

ወፍራሙን ጉማጅ ግን መሐሉን አትምቱት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እምብርቱ ላይ ደጋግሞ መትቶ፣ ምሳሩን አስጠምዶ፣ ተናዶ ይተወዋል። ባሕር ዛፍ ከዳር ነው የሚበላው። ከጠርዙ አራት ጣት ያህል ገባ ብላችሁ፣ ከቅርፊቱ መስመር ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ ጎኑን እንደ ጣውላ ቆርሱት። ጉማጁን እያዞራችሁ ዙሪያውን ቆራርሱ። የሚቀረው አራት ማዕዘን መሐል ቀጭን ስለሚሆን ያኔ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ፊት እምቢ ካለ ገልብጡት። ከወፍራሙ ጫፍ እምቢ ያለው ከቀጭኑ በኩል እሺ የሚልበት ጊዜ አለ።

ምሳሩ ቢነከስ ግራና ቀኝ አትነቅንቁት፤ እጀታው ይሰበራል። የእጀታውን ጫፍ በመዳፋችሁ ወደ ታች ምቱት፣ ከዚያ ወደ ላይ። ካልወጣ ሽብልቅ ከጎኑ ስንጥቁ ውስጥ አስገቡና በእንጨት መዶሻ ምቱት። ስንጥቁ ሲከፈት ምሳሩ ይለቀቃል። የምሳሩን ጀርባ በብረት መዶሻ በፍጹም አትምቱ። ብረት ከብረት ሲጋጭ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። የብረት ሽብልቅም አናቱ ተፈርክሶ እንደ ጠርዝ ከወጣ መጀመሪያ በሞረድ ይስተካከል።

ውፍረቱን ማን ይወስን? እኔ ብጠየቅ ምድጃው ጋ የምትቀመጠው ትወስን እላለሁ። ለእንጀራ ነበልባል የሚሰጥ ቀጭን ፍልጥ ያስፈልጋል፤ ሁለት፣ ሦስት ጣት። ለአረቄና ለንፍሮ ረግቶ የሚነድ የክንድ ውፍረት ያለው ይሻላል። ሁሉን አንድ ዓይነት አድርጎ መፍለጥ ለፈላጩ ይቀላል እንጂ ለጋጋሪዋ አይመችም። ለክረምት ከሚቀመጠው ሁለት እጁ ቀጭን፣ አንድ እጁ ወፈር ያለ ቢሆን ለአብዛኛው ቤት ይበቃል።

ሥራው ከበዛ ጎረቤት ጥሩ። በደቦ አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ብዙ ያልቃል፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይልጣል፣ ሁለቱ ይፈልጣሉ፣ ልጆቹ ርቀው ይደረድራሉ። ጠላው ከሥራው በኋላ ይቅረብ። ምሳርና ጠላ አብረው አይሄዱም። ስታቀርቡ ግን አትሰስቱ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ትጠሯቸዋላችሁ።

መደርደር

የፈለጣችሁትን ክምር አድርጋችሁ አትተዉት። ክምር መሐሉ ይሻግታል። ሁለት ረድፍ ድንጋይ አንጥፉ፣ በላዩ ሁለት ረጅም እንጨት አጋድሙ፣ ፍልጡ በዚያ ላይ ይደርደር። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ካለ ነፋስ ከስር ይገባል። በተለይ እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሞቅ ባለው አካባቢ ምስጡም በቶሎ አያገኘውም። በየጊዜው ጎንበስ ብላችሁ ስሩን እዩ፤ የጭቃ መስመር ድንጋዩን ወጥቶ ካያችሁ አፍርሱት።

ቦታው ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው ይሁን። የተቆረጠው ጫፍ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይዙር፤ ውሃው የሚወጣው በዚያ ነው ብለናል። የቤት ግድግዳ ስር ከደረደራችሁ በመካከሉ የአንድ ስንዝር ክፍተት ተዉ። ጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተደረደረ እንጨት ለምስጥ ወደ ቤት መግቢያ ድልድይ ይሆናል። የክምሩን ሁለት ጫፍ አንዱን ረድፍ ወዲህ፣ ቀጣዩን ወዲያ እያቆራረጣችሁ ብትሠሩት አይናድም።

በበጋ ላዩን መሸፈን አያስፈልግም። ሚያዝያ ላይ ደመና ሲጀምር አናቱን ብቻ በቆርቆሮ ክደኑ፤ ድንጋይ ጫኑበት። ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል ግን ማፈን ነው። ቀን የሚወጣው እርጥበት ላስቲኩ ላይ ይጠራቀምና ሌሊት መልሶ እንጨቱ ላይ ይንጠባጠባል። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ዝናቡ ቀድሞ ስለሚመጣና ስለሚበዛ ግንቦት ሳያልቅ ጣሪያ ስር ቢገባ ይሻላል።

ከክምሩ እንጨት ስታነሱ በመጀመሪያ በበትር መታ መታ አድርጉ። እባብም ጊንጥም እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል።

ደርሷል ወይ?

በእኛ በጋ ሁለት፣ ሦስት ጣት የሆነው ፍልጥ በሁለት ወር አካባቢ ይደርሳል። የክንድ ውፍረት ያለው ሦስትና አራት ወር ይፈልጋል። ደጋው ላይ ትንሽ ይዘገያል። ግን ወር ከመቁጠር እንጨቱን መጠየቅ ይሻላል።

ሁለት ፍልጥ አንሱና አጋጩ። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ዱብ ይላል። የጫፉን ፊት እዩ፤ ከመሐል ወደ ዳር የሄዱ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ካሉ ጥሩ ምልክት ነው። ግን በጫፉ ብቻ አትታለሉ፤ ጫፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። ከወፍራሞቹ አንዱን መሐሉን ሰንጥቁና የተገለጠውን ፊት ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። ቅዝቃዜ ከተሰማችሁ ይቀረዋል።

እርግጠኛ መሆን ለሚፈልግ ሚዛን አለ። በፈለጣችሁበት ቀን 20 ኪሎ የሚሆን ፍልጥ እሰሩና ለብቻው ምልክት አድርጋችሁ ክምሩ ውስጥ አስቀምጡ። መጀመሪያ ግማሹ ውሃ ነበር ብንል፣ እስሩ ወደ 12 ኪሎ ተኩል ሲወርድ ከክብደቱ ውሃ የሆነው አምስተኛው ብቻ ነው። ያ ለማገዶ ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት፤ መቀነሱን ካቆመ ደርሷል። እንጨት በሸክም የምትሸጡም ይህን ብታውቁ አይጎዳችሁም። ገዢው ክብደት ሲሸከም እርጥቡን ይመርጣል፣ ሲማግደው ይረግማችኋል።

የሌሎቹ ዛፎች ነገር

ወይራ እንደ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከደረቀ ምሳር ይጨርሳል፣ ስለዚህ ትኩሱን ፍለጡ። ቁርጥራጩን አትጣሉት፤ ለጠላ ጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይሆናል። ጥድ ጭረቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ እርጥብም ደረቅም ይፈለጣል፤ ሲነድ ግን ፍንጣሪ ስለሚረጭ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ አልወደውም። ብሳና ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከነቅርፊቱ ዝናብ ላይ ከተተወ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ አርሶ አደሩ ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት አለ። በጥቂት ዓመት ስለሚቆረጥ ግንዱ ብዙ አይወፍርም። ለከሰል ሳይሆን ለማገዶ ከፈለጋችሁት ለሁለት መክፈል ብቻ ይበቃዋል፤ ቀጫጭኑ ሳይፈለጥም ይደርቃል።

ግንዱ ከከረመስ?

አጥር ስር የከረመ ግንድ ላላችሁ፦ በረጅሙ እያለ ምሳር አታንሱበት። በመጋዝ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ጉማጅ አሳጥሩት። ከጫፉ አንድ ስንዝር የደረቀውን ከቆረጣችሁ በኋላ የሚመጣው መሐል ብዙ ጊዜ አሁንም እርጥብ ነው። በዚያው ቀን በሽብልቅ ከዳር እየቆረሳችሁ ፍለጡት። ለነገ ካሳደራችሁት ፊቱ እንደገና ይጠነክራል። አንጓ የበዛበትና ጭራሽ እምቢ ያለውን ጉልበት አታፍስሱበት፤ ደጅ ላይ ለድግስ ድስት ትልቅ እሳት ስታነዱ እንዳለ ይማገዳል።

ክረምት ደርሶ ያልደረቀ ፍልጥ በእጃችሁ ካለ፣ የሁለትና የሦስት ቀኑን ብቻ ማድ ቤት እያስገባችሁ ከምድጃው ራቅ ብሎ ካለው ግድግዳ ጋር አቁሙት። ቆጥ ላይ የምትሰቅሉም ነበልባሉ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጉት፤ ሌሊትም እሳቱን ዳፍናችሁ ተኙ። ስትማግዱ ሁለት ደረቅ ላይ አንድ እርጥብ ጨምሩ፣ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ። የቀረውን እስከ ጥቅምት ጣሪያ ስር ተዉት።